ጋቢዮን ለወንዝ ዳርና ለዳገት ግቢ፦ ገንዘቡን የሚያወጣው የት ነው?

አዲስ አበባ ውስጥ ክረምቱ ሲወጣ የቀበናን፣ የግንፍሌን ወይም የአቃቂን ዳር ይዞ የሚሄድ ሰው ሁለት ዓይነት ድጋፍ ግንብ ያያል። አንደኛው በሲሚንቶ የተያያዘ የድንጋይ ግንብ ነው። ሲበላሽ ወገቡ ላይ ይሰነጠቅና ወደ ወንዙ ያዘነብላል፤ ከዚያ ባንድ ሌሊት ይወርዳል። ሁለተኛው ጋቢዮን፣ በድንጋይ የተሞላ የሽቦ ሳጥን ነው። ሲበላሽ ይሰምጣል፣ ሆድ ያወጣል፤ ግን አብዛኛውን ጊዜ አፈሩን እንደያዘ ይቆይና ለመጠገን ጊዜ ይሰጣል። እዚህ የምንገመግመው ይህን ሁለተኛውን ነው፦ ሲገዛ ምን እንደሚታይ፣ ምን ያህል እንደሚያስፈልግና የት እንደማያዋጣ።

ፍርዳችንን ከወዲሁ እንናገር። ቁመቱ እስከ 5 ሜትር ለሚደርስ የወንዝ ዳርና ተዳፋት፣ ከኋላ ቦታ ካለ፣ ከጋቢዮን የሚሻል ርካሽና አስተማማኝ ነገር አናውቅም። በጠባብ የመኖሪያ ግቢ ውስጥ ግን ብዙ ጊዜ የተሳሳተ ምርጫ ነው። በቀጭን ሽቦ የተሠራው ደግሞ የትም ቢሆን መግዛት አያስፈልግም።

ጋቢዮን ለምን እንደሚያዋጣ ለመረዳት ግንብን የሚጥለው ምን እንደሆነ ማየት ይበቃል። 4 ሜትር ቁመት ያለው ደረቅ፣ ጠጠር የቀላቀለ አፈር እንውሰድ፤ ክብደቱ በሜትር ኪዩብ 1.8 ቶን፣ የውስጥ ሰበቃ ማዕዘኑ (የአፈሩ ቅንጣቶች እርስ በርስ የመያያዝ አቅም መለኪያ) 30 ዲግሪ ይሁን። እንዲህ ያለ አፈር ግንቡን በእያንዳንዱ የርዝመት ሜትር በ4.8 ቶን ይገፋዋል። ያው አፈር እስከ አናቱ ውሃ ጠጥቶ መውጫ ካጣ አፈሩ ብቻውን የሚገፋው ወደ 2.7 ቶን ይወርዳል፤ ምክንያቱም ውሃ ውስጥ ያለ አፈር ይቀላል። ውሃው ግን በራሱ 8 ቶን ይገፋል። ድምሩ 10.7 ቶን ነው፤ ከእጥፍ በላይ። ለ4.8 ቶን የተሠራ ግንብ ይህን የሚችልበት ምክንያት የለም። በሲሚንቶ ግንብ ላይ በየ1.5 ወይም 2 ሜትሩ የሚደረጉት 75 ወይም 100 ሚ.ሜ የፒቪሲ ቱቦዎች ለዚህ ናቸው። ከኋላቸው ጠጠር ሳይደረግላቸው ቀርተው በጭቃ ሲደፈኑ ግን እንደሌሉ ይቆጠራሉ።

ወንዝ ዳር ላይ ነገሩ ይከፋል። ጎርፉ ከፍ ሲል ወንዙ ራሱ ግንቡን ከፊት ይደግፈዋል፤ ከኋላ ያለው አፈርም ውሃ ይጠጣል። ጎርፉ በሰዓታት ውስጥ ሲወርድ የፊቱ ድጋፍ ይጠፋል፤ የኋላው ውሃ ግን እዚያው ይቀራል። ስለዚህ ብዙ ግንብ የሚወድቀው ጎርፉ በሚያስገመግምበት ሰዓት ሳይሆን ካለፈ በኋላ ነው። ጋቢዮን ከመቶ 30 እስከ 40 የሚሆነው ክፍት ቦታ ስለሆነ ውሃው ከኋላው የሚጠራቀምበት ዕድል አያገኝም። የኮንሶ እርከኖች፣ እ.ኤ.አ. በ2011 በዓለም ቅርስነት የተመዘገቡት፣ ያለ አንዳች ማያያዣ ተደርድረው የሚቆሙት በዚሁ ብልሃት ነው፤ ድንጋዩ አፈሩን ይይዛል፣ ውሃውን ይለቃል።

አሁን ወደ ሳጥኑ። ደረጃውን የጠበቀ ጋቢዮን ባለ ስድስት ማዕዘን ዓይን ያለው መረብ ነው፤ ዓይኑ 8 በ10 ሴ.ሜ፣ የመረቡ ሽቦ 2.7 ሚ.ሜ፣ ጠርዙን የሚዞረው ሽቦ 3.4 ሚ.ሜ፣ መስፊያው ደግሞ 2.2 ሚ.ሜ ነው። በብዛት የሚሸጠው 2 ሜትር በ1 በ1 ሲሆን መሐሉ ላይ አንድ መከፋፈያ መረብ ይኖረዋል፤ የ3 ሜትሩ ሁለት። መከፋፈያ የሌለው 2 ሜትር ሳጥን ከቀረበላችሁ መልሱት፤ ሲሞላ ድንጋዩ ወዳንድ ወገን ሄዶ ሆድ ያወጣል።

ትልቁ ልዩነት ጥምዘዛው ላይ ነው። ፋብሪካ የሠራው መረብ ሁለቱ ሽቦዎች በተገናኙበት ሁሉ ደጋግመው የተጠመዘዙ ናቸው። መፈተኛው ቀላል ነው። ሻጩን አስፈቅዳችሁ በናሙናው ላይ አንዷን ሽቦ በፒንሳ ቁረጡና ከግራና ከቀኝ ያዙት፤ በኃይል ሳቡት። በትክክል የተጠመዘዘው ቀዳዳው ትንሽ ይሰፋል እንጂ ቀጣዩ ጥምዘዛ ይይዘዋል። የአጥር ሽቦ ዓይነት፣ አንዱ በሌላው ውስጥ ብቻ የተሰካው ግን ከተቆረጠበት ጀምሮ እንደ ሹራብ ይተረተራል። ወንዝ ውስጥ አንድ ድንጋይ መትቶ አንድ ሽቦ ሲበጥስ የሚሆነውም ይኸው ነው፤ የመጀመሪያው ሳጥን ይቆያል፣ ሁለተኛው ሆዱን ዘርግፎ ያልቃል።

ካሊፐር (የውፍረት መለኪያ) ይዞ መሄድ ደግሞ ሊቀር አይገባም። 2.7 ተብሎ የሚሸጥ ነገር ሲለካ 2.0 ሆኖ ከተገኘ ልዩነቱ ለዓይን ጥቂት ይመስላል፤ የብረቱ መጠን ግን የሽቦው ውፍረት በራሱ ተባዝቶ ስለሚሰላ ከመቶ 45 የሚሆነውን ብረት አጥታችኋል ማለት ነው። የዚንኩ ልባስ ደግሞ በዓይን አይታይም። በአውሮፓ ደረጃ ለ2.7 ሚ.ሜ ሽቦ ከባዱ ልባስ በካሬ ሜትር 245 ግራም ነው። ተራ የሚያብረቀርቅ ሽቦ ከዚህ እጅግ ያነሰ ልባስ ኖሮትም እኩል ያብረቀርቃል። የፋብሪካ ምርመራ ወረቀት ጠይቁ፤ ወረቀት የሌለውን ዕቃ ለጊዜያዊ ሥራ ካልሆነ አትግዙ። ዚንኩ ውስጥ አሉሚኒየም የተቀላቀለበት ዓይነት ከተገኘ የሚጨመርበት ዋጋ ይገባዋል።

የቆዳ ፋብሪካና የሌላም ኢንዱስትሪ ፍሳሽ የሚገባባቸው እንደ ትንሹ አቃቂ ያሉ ወንዞች ለዚንክ ጠላት ናቸው። ዚንክ አሲድም ጠንካራ አልካሊም አይችልም። እንዲህ ባለ ቦታ በፕላስቲክ የተሸፈነውን ውሰዱ፤ ሽቦው ከነሽፋኑ 3.7 ሚ.ሜ ይሆናል። ሽፋኑ ግን ድንጋይ ሲወረወርበት ይላጣል። ስለዚህ ይህ ዓይነት በሎደር እየተገለበጠ የሚሞላበት ሥራ ላይ ገንዘቡ በከንቱ ይፈሳል። መስፊያው ሽቦም እንደዚሁ የተሸፈነ መሆን አለበት፤ ሳጥኑን ሸፍነው መስፊያውን ተራ የፌሮ ማሰሪያ ጥቁር ሽቦ የሚያደርጉ አሉ። ከሁሉ ቀድሞ የሚዝገው እሱ ስለሆነ ሳጥኑ ጤነኛ ሆኖ ስፌቱ ይፈታል።

ስለ ድንጋዩ ብዙ ሰው አይጨነቅም፤ እኛ ግን ከሽቦው እኩል እናየዋለን፣ ምክንያቱም ግንቡ የሚቆመው በክብደቱ ነው። ባዛልት ከሞላችሁት አንድ ሜትር ኪዩብ ሳጥን 1.7 ቶን አካባቢ ይመዝናል። ቀዩን የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ከሞላችሁት ወደ ግማሽ ይወርዳል፤ የዲዛይኑ ስሌት ሁሉ ውድቅ ይሆናል። መጠኑ ከ10 እስከ 20 ሴ.ሜ ይሁን። ከ10 በታች የሆነው በመረቡ ዓይን ይሾልካል፤ ከ25 በላይ የሆነው ትልቅ ባዶ ቦታ ይተዋል። ማዕዘን ያለው የካባ ድንጋይ እርስ በርሱ ይያያዛል፤ የወንዝ ድቡልቡል ድንጋይ ይንከባለላል፣ ፊቱንም ያሳብጣል። በጥፍር ሲፈገፈግ የሚፈረፈር የበሰበሰ ድንጋይ በሁለትና ሦስት ክረምት ውስጥ ይረግፍና ሳጥኑ ግማሹ ባዶ ይሆናል።

አሞላሉን ጠጋ ብለን እንየው፤ ጥሩው ከመጥፎው የሚለየው እዚህ ነው። ባዶው ሳጥን መጀመሪያ ከጎረቤቱ ጋር ይሰፋል። ለ1 ሜትር ጠርዝ 1.5 ሜትር ሽቦ ይቆረጣል፤ ጫፉ ከማዕዘኑ ይታሰርና በየ10 እስከ 15 ሴ.ሜው አንድ ጊዜ ነጠላ፣ አንድ ጊዜ ድርብ እየዞረ እስከ መጨረሻው ይሄዳል፣ በየዙሩም በፒንሳ ይጠበቃል። በየቦታው አንድ አንድ ቋጠሮ እያደረጉ ማለፍ ስፌት አይባልም። ከዚያ ሳጥኖቹ ተስበው፣ የፊቱ ገጽ ላይ ጣውላ ተደግፎ፣ ድንጋዩ 33 ሴ.ሜ ያህል ይሞላል። በዚህ ጊዜ የፊቱን መረብ ከኋላው ጋር የሚያያዝ ሽቦ ይወጠራል፤ በሜትር ሁለት። እንደገና እስከ 66 ሴ.ሜ፣ ሌላ ውጥር። በመጨረሻም ድንጋዩ ከሳጥኑ ጠርዝ 3 እስከ 5 ሴ.ሜ ከፍ እስኪል ይሞላል፤ ሲረጋ ስለሚወርድ። ክዳኑ በሦስቱም ጠርዝና በመከፋፈያው ላይ ይሰፋል። ፊት ለፊት የሚታየው ድንጋይ በእጅ ይደረደራል፣ ጠፍጣፋው ገጹ ወደ ውጭ፣ ልክ ያለ ሲሚንቶ እንደሚሠራ ካብ። ሎደር ገልብጦ የሄደበት ሳጥን ውጥር ሽቦዎቹ ድንጋይ ሥር ተደፍጥጠው፣ በመጀመሪያው ክረምት ሆዱ ወጥቶ ታገኙታላችሁ።

ስፋቱስ? ከላይ ላነሣነው 4 ሜትር ቁመት ከታች ወደ ላይ 2.5፣ 2፣ 1.5 እና 1 ሜትር ስፋት ያላቸው አራት ረድፎች ያስፈልጋሉ። በርዝመት ሜትር 7 ሜትር ኪዩብ፣ ክብደቱ 11.9 ቶን። ረድፎቹ ወደ ላይ እየጠበቡ ሲሄዱ የሚፈጥሩት ደረጃ ወዴት ይዙር የሚለው ጥያቄ ግን ሰው ከሚያስበው በላይ ዋጋ አለው። ደረጃው ወደ ፊት ሆኖ ጀርባው ቀጥ ካለ መንሸራተትን የመቋቋም ብቃቱ (የሚይዘው ኃይል ለሚገፋው ሲካፈል) 1.43 ነው፤ ከሚፈለገው 1.5 ያንሳል። ደረጃው ወደ አፈሩ ሲዞር ግን በየደረጃው ላይ የሚቀመጠው አፈር 5.4 ቶን ያለ ክፍያ ይጨምርና ብቃቱ 2.1 ይደርሳል፤ ከመገልበጥ ደግሞ 3.4። ደረጃውን ወደ ፊት ማድረግ ግዴታ ከሆነ መሠረቱን 6 ዲግሪ፣ ማለትም በየሜትሩ 10 ሴ.ሜ፣ ወደ ኋላ አዘንብሉት፤ ከ1.5 በላይ ይወጣል። ከላይ መኪና የሚቆም ከሆነ ደግሞ በካሬ ሜትር 1 ቶን ተብሎ ሲታሰብ ግፊቱ በ1.3 ቶን ያድጋል። የግቢውን የወደፊት ሁኔታ ሳይጠይቅ ስፋት የሚነግራችሁን ባለሙያ አትመኑ።

ይህ ግንብ በደረጃው ወደ ኋላ ሲሠራ በፊት እግሩ ሥር አፈሩን በካሬ ሜትር 13 ቶን ገደማ ይጫነዋል። ለጠጠራማ አፈር ወይም ለአለት ይህ ምንም አይደለም። ውሃ የጠጣ ጥቁር አፈር ግን አይችለውም፤ ቦሌና አቃቂ ወገን ብዙ ጋቢዮን አንገቱን ወደ ፊት ደፍቶ የሚታየውም መሠረቱ በቂ ሳይቆፈር ሲቀር ነው። ጥቁሩን አፈር አውጥቶ በገረጋንቲ መተካት፣ በየ20 ሴ.ሜው እየጠቀጠቁ መሙላት ያስፈልጋል። የወጣውን ጥቁር አፈር መልሶ ከግንቡ ኋላ መሙላት ደግሞ በገንዘብ ተገዝቶ የሚመጣ ጥፋት ነው፤ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፣ ስንጥቁ ውስጥ አፈር ይገባል፣ በሚቀጥለው ክረምት እንደገና ያብጣል፤ በየዓመቱ ግንቡን ትንሽ ትንሽ እየገፋ ይሄዳል። ከኋላ ቢያንስ አንድ ሜትር ስፋት ገረጋንቲ ወይም ጠጠር ይሁን፤ በጋቢዮኑና በሙሌቱ መካከል ጂኦቴክስታይል፣ ውሃ አሳልፎ አፈር የሚያስቀር ጨርቅ፣ ይዘርጋ። ጨርቁ ከተረሳ ውሃው ደቃቁን አፈር በድንጋዩ መሐል ይዞ ይወጣና ከላይ መሬቱ ይሰረጉዳል። ግንቡ አጠገብ ባለው አንድ ሜትር ውስጥ ትልቅ ሮለር አይግባ፤ በእጅ የሚገፋው ኮምፓክተር ይበቃል።

ወንዝ ዳር ዋናው አደጋ ግን ከኋላ አይመጣም። ውሃው የግንቡን እግር ሥር ይጠርጋል። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ድሬዳዋን የመታውን ጎርፍ ያመጣው ደቻቱ ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል ደረቅ አሸዋ ነው። እንዲህ ያለ ወንዝ በጎርፍ ሰዓት አልጋውን ጠርጎ ያወርዳል፤ ጎርፉ ሲያልቅ ደግሞ ያው ጉድጓድ በአዲስ አሸዋ ተሞልቶ መሬቱ እንዳልተነካ ይመስላል። በበጋ መጥቶ መሠረት የሚለካ ሰው ጠረጋው የደረሰበትን ጥልቀት አያየውም። መፍትሔው ከግንቡ እግር ወደ ወንዙ የሚዘረጋ፣ 30 ሴ.ሜ ውፍረት ያለው ጠፍጣፋ ጋቢዮን ነው፤ በተለምዶ ሬኖ ይባላል። ስሙ የመጣው ከጣሊያኑ ሬኖ ወንዝ ነው፤ የዛሬው ዓይነት የሽቦ ሳጥን በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ቦሎኛ አቅራቢያ የተሞከረው እዚያ ነበር። ርዝመቱ ይጠረጋል ተብሎ ከሚገመተው ጥልቀት ከ1.5 እስከ 2 እጥፍ ይሁን። አፈሩ ከሥሩ ሲሄድ ጫፉ ጎንበስ ብሎ ጉድጓዱን ይከተለዋል፣ ግንቡን ግን አያስነካም። አርማታ ምንጣፍ ቢሆን ኖሮ ከሥሩ ባዶ ሆኖ ሳይታይ ይቆይና በድንገት ይሰበር ነበር። ትልልቅ ድንጋይ የሚያንከባልል፣ ከእንጦጦ በቀጥታ የሚወርድ ዓይነት ጅረት ላይ ግን ሽቦው ራሱ ይፈጫል። እዚያ የታችኛዎቹን ሁለት ረድፎች ፊት በአርማታ መሸፈን ወይም ከመጀመሪያውኑ ትልልቅ አለት መደርደር ይሻላል።

ወጪውን በብር አንጽፍም፤ በወራት ውስጥ ያረጃል። በዕቃ መጠን እናወዳድር። ለ4 ሜትር ቁመት፣ ለአንድ ሜትር ርዝመት፣ ጋቢዮኑ 7 ሜትር ኪዩብ ድንጋይና ሦስት ተኩል ባለ 2 ሜትር ሳጥን ይፈልጋል፤ ሲሚንቶ የለም። አንድ ሲኖ ድንጋይ ሁለት ሜትር ርዝመት ያህል ይሞላል። የሲሚንቶ ድንጋይ ግንብ ከነመሠረቱ ወደ 6.5 ሜትር ኪዩብ ይሆናል፤ በ1ለ3 ድብልቅ በሜትር ኪዩብ 1.5 ኩንታል ሲታሰብ 10 ኩንታል ገደማ ሲሚንቶ ይበላል። የአርማታው ግንብ 2.3 ሜትር ኪዩብ ኮንክሪት አካባቢ ነው፤ ሲሚንቶው 8 ኩንታል፣ ፌሮው 200 ኪሎ፣ በተጨማሪም ፎርምወርክ (ኮንክሪቱ የሚፈስበት ቅርጽ ማውጫ)። ብዙዎች አርማታ ሁልጊዜ ይበልጥ ሲሚንቶ ይፈጃል ብለው ያስባሉ፤ ቁመቱ 4 ሜትር ሲደርስ ግን እንዲህ ይገለበጣል። ከ3 ሜትር በታች የድንጋዩ ግንብ አሁንም ጥሩ ምርጫ ነው፣ ቱቦዎቹ ከነጠጠራቸው ከተሠሩ።

የቦታ ጉዳይ ግን ጋቢዮንን የሚጥለው ነው። 12 ሜትር ፊት ባለው ግቢ 2.5 ሜትር ስፋት ማለት 30 ካሬ ሜትር ነው፤ 150 ካሬ ለያዘ ሰው አምስተኛው። ደረጃውን ወደ ኋላ አዙሮ ከላይ ያለውን መሬት ማስመለስ ይቻላል፤ ቁፋሮው ግን ጎረቤት ግቢ ድረስ ስለሚሄድ እዚያ ቤት ካለ አይሞከርም። እንዲህ ያለ ቦታ አርማታ ይሠራ፤ ከላይ የሚይዘው ከ30 እስከ 40 ሴ.ሜ ብቻ ነው። ሽቦ እየተቆረጠ የሚወሰድበት ሰፈር ላይም ጋቢዮን ብቻውን አይተማመኑበትም፤ የታችኛው ረድፍ ፊት ልስን ይፈልጋል፣ የውሃ መውጫ እየተተወ። ከ6 ሜትር በላይ ለሆነ ቁመት ደግሞ የድንጋዩ መጠን ስለሚበዛ አፈሩን በጂኦግሪድ፣ በአፈሩ ንብርብር መሐል በሚዘረጋ ጠንካራ መረብ፣ ማጠናከር ያዋጣል።

ምንም ዓይነት ግንብ የማይፈታው ችግርም አለ። ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን የሚወስደው መንገድ ዓባይ በረሃ ውስጥ የሚያስቸግረው ተራራው ከግንቡ መሠረት በታች፣ በጥልቀት ስለሚንቀሳቀስ ነው። እዚያ የተደረደረ ጋቢዮን ከተራራው ጋር አብሮ ይሄዳል። ግቢያችሁ ላይ ዛፎቹ ወደ ታች ጎንበስ ብለው ካደጉ፣ ከላይ መሬቱ በቅስት መልክ ከተሰነጠቀ፣ ሳጥን ከመግዛታችሁ በፊት አፈሩን የሚቆፍርና የሚመረምር ባለሙያ ጥሩ።

ሠርታችሁ ከጨረሳችሁ የመጀመሪያው ክረምት ላይ ሦስት ነገር ተመልከቱ። ከግንቡ በላይ ያለው ቦይ የጣሪያ ውሃን ወደ ጎን ይወስዳል ወይስ ግንቡ ኋላ ያፈስሰዋል? ሴፕቲክ ታንኩ የት ነው፣ ይንጠባጠባል? ሦስተኛው በገመድ የሚለካ ነው፦ ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው በየረድፉ ወጥራችሁ በኅዳር የነበረውን ከመስከረሙ አወዳድሩ። እስከ 5 ሴ.ሜ መስመጥ ወይም ማበጥ የመርጋት ነው። ከዚያ ካለፈ፣ በተለይ የታችኛው ረድፍ ከሆነ፣ የፊቱን ስፌት ፈትታችሁ ድንጋዩን እንደገና ደርድሩ፤ ይህንን በሳጥን መሥራት ይቻላል።